አባቴን በስሙ የጠራሁበት ቀን

እኔ የተወለድኩት ጭንብሎቹ መሠራት ከጀመሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሥራው ሲጀመር አባቴ ገና ጢም ያላወጣ ጎረምሳ ነበር አሉ፤ እኔ ስምንት ዓመት ሲሞላኝም አላለቀም። የኦሮኮሎ ባሕር ዳርቻ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ጭንብሎቹን ለመሥራት የሰው ግማሽ ዕድሜ ያልቃል፤ ለመጨፈሪያው ግን አንድ ወር ይበቃል።

ሥራው የሚጓተተው በስንፍና አይደለም። ጭንብሎቹ የሚሠሩበትን የወንዶቹን ቤት ምሰሶ ካቆሙት ቤተሰቦች አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ከበሮው ዝም ይላል፣ የተጀመረው የቀርከሃ ማገር አቧራ ይለብሳል፣ ሐዘኑ እስኪወጣ ድረስ ማንም ቀለም አይበጠብጥም። በእኛ መንደር ሦስት ጊዜ እንዲህ ቆሟል። ቤቱ ራሱ አርጅቶ ነበር። ግንባሩ ከኮኮናት ዛፍ የሚበልጠው ያ ትልቅ ቤት ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንቋቋል። ሽማግሌው ኦፑ በየማታው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ ምራቅ የሚያቀላውን ፍሬ ከኖራ ጋር እያኘኩ፣ «አሁን አንድ ሰው ቢሞትብን ይኼ ቤት ይወድቃል። ጭንብሎቹም እዚያው ውስጥ ይበሰብሳሉ፣ እኔም ሳላያቸው እሄዳለሁ» ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት ለልጆች አልነበረም። ልጅ ግን የማይሰማው የለም።

አባቴ ቶሬ ይባላል። ከወንዶቹ ቤት ምሰሶዎች የቀኙ የእኛ ቤተሰብ ነው፤ ከጭንብሎቹም አንዱ የእሱ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ነጭ በመርከብ መጥቶ ሰው ሲመለምል፣ አባቴ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አትሞ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ሞርስቢ ሄደ። የኮኮናት እርሻ ላይ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ ነበር። ከመልኩ ይልቅ አረማመዱን አስታውሳለሁ። የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጎ ነበር የሚሄደው። ታናሽ ወንድሙ ማሶም እንደዚያው፤ እኔም እንደዚያው። እናቴ አሸዋው ላይ ኮቴዬን ባየች ቁጥር፣ «ይቺ የቶሬ ሸርጣን ደግሞ በዚህ አለፈች» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እናቴ ያኔ ሳቂታ ነበረች። ይህን መናገር ያለብኝ፣ ከዚህ በኋላ ስለ እሷ የምለው ሌላ ሴት ስለሚያስመስላት ነው።

ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት ሞቱ የሚባሉት ሕዝቦች ጀልባ እንደ ልማዱ ከምሥራቅ መጣ። ሞቱዎች ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ድስትና ገንቦ ጭነው ይመጡና ከዘንባባ ግንድ የምናወጣውን የሳጎ ዱቄት ጭነው ይመለሳሉ። ያን ቀን መንደሩ ሁሉ ወደ ባሕሩ ወረደ። ሴቶቹ ድስቱን በጣታቸው ኳ ኳ እያደረጉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ድምፁን እያዳመጡ ይመርጣሉ። እኔ ከተገለበጠ ታንኳ ሥር ገብቼ ጥላ ላይ ተኝቼ ነበር። እናቴ ለብቻዋ ወደ ታንኳው አካባቢ ስትመጣ አየሁ። አባባ ኦፑ ጠርተዋት ነው። አብሯቸው ከሞቱዎች አንድ ሰው አለ፤ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ያሻሸዋል።

ሰውዬው ብዙ አወራ፤ ቋንቋችንን ስለሚሰባብረው አልገባኝም። እናቴ አንድ ድስት ይዛ ቆማ ታዳምጠዋለች። ሲጨርስ ድስቱን በጣቷ ኳ አደረገችና፣ «ይኼ ተሰንጥቋል፤ ሌላ የለህም?» አለችው። ሰውዬው ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። አባባ ኦፑ ወደ እሷ ጎንበስ ብለው፣ «አንድ ወር፣ ልጄ። አንድ ወር ብቻ ስጪን። እየለመንኩሽ ነው» አሉ። እኔ በልጅ ጭንቅላቴ፣ አባባ ኦፑ ለድስቱ የሚሰጠው ሳጎ አንሶባቸው ቀን እየለመኑ ነው አልኩ። ሰውዬው ያለቀሰውም በዋጋው ተጎድቶ መሰለኝ። እናቴ እንዲህ ጨካኝ ነጋዴ መሆኗ አኮራኝ።

አባቴ የሞተው ከዚያ ቀን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። የሆድ በሽታ ገብቶ ከእርሻው ሠራተኞች አሥራ አንዱን ወስዷል። ያ ቆቡን የሚያሻሸው ሰው አብሮት ይሠራ ነበር፤ የቀበረውም እሱ ነው። አባባ ኦፑ አንድ ወር የለመኑት ለድስቱ ሳይሆን ሐዘኑ እንዲቆይላቸው ነበር። መርዶው በአደባባይ ካልተነገረ ሐዘን የለም፣ ሐዘን ከሌለ ከበሮው አይቆምም፤ ጭንብሎቹ ለጭፈራ ሊወርዱ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። እናቴ ወሩን ሰጠቻቸው።

ማታ እሳት ስታያይዝ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ አባዬ ምን ላከልኝ?»

«ምንም።»

«መቼ ነው የሚመጣው ታዲያ?»

እፍ ማለቷን አላቋረጠችም። እሳቱ ከተያያዘ በኋላም እፍ ትል ነበር። «ለጭንብሎቹ ይደርሳል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ራቀችኝ። ሌላ ቃል የለኝም። ምግብ ትሰጠኛለች፣ ፀጉሬን ትቀምልልኛለች፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ አያርፍም። ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ኮቴዬን አይታ መሳቅ ተወች፤ ሆን ብዬ ከፊቷ ከፊቷ አሸዋው ላይ እመላለሳለሁ፣ አታይም። ወንዝ ዳር ሴቶች ተሰብስበው ሲያወሩ እደርሳለሁ፤ ወሬው ቁርጥ ይላል። አንዷ ሳትጠየቅ የተጠበሰ ዓሣ ትሰጠኛለች፣ ሌላዋ ጭንቅላቴን ትዳብሰኛለች። የሠራሁትን ጥፋት ሁሉም አውቀው እኔ ብቻ ያላወቅሁት መሰለኝ። በዚያ ዕድሜዬ ሰው በሞላበት መንደር ብቻዬን መሆንን ተማርኩ።

እናቴ በየቀኑ ብቻዋን ወደ ረግረጉ ትወርዳለች፤ የሳጎውን ግንድ ልትወቅጥ። ድሮ አብሬያት ነበር የምሄደው። አሁን «ቤት ጠብቂ» ትለኛለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ይመጣል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጭስ ነው።»

«ረግረግ ላይ ጭስ አለ እንዴ?»

«አለ» ትላለች።

በዚያ ወር የወቀጠችው ሳጎ እኛ በዓመት የምንበላውን ያክላል። ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። መውቀጫው ከግንዱ ጋር ሲላተም ሩቅ ይሰማል፤ ከዚያ ድምፅ ሥር ሰው እንደ ልቡ ማልቀስ ይችላል።

ምስጢሩን የነገረችኝ ሂሲ ናት፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ፣ አፈ ጮሌ። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ላይ ሸርጣን ስንቆፍር ነው።

«ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ትንፍሽ ብትዪ ግን ጥርስሽ ይረግፋል።»

«ረግፏል እኮ፣ አታዪም?»

«የቀረው ነዋ የሚረግፈው፣ ሞኝ!» ግራ ቀኝ አየች። «ጭንብሎቹ ውስጥ ሰው አለ። ወንዶቹ ናቸው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው ጭንብሎቹ ከባሕር የሚመጡ ልጃገረዶች መሆናቸውን ነው፤ ሁላችንም ያደግነው በዚያ ነው። ባሕሩ ውስጥ ያለችው አሮጊት ልጆቿን ወደ ወንዶቹ ቤት ስታመጣ በጨለማ የሚጮኸውን ድምፅ ሰምቼ ከእናቴ ብብት ተወሽቄ አውቃለሁ። ቢሆንም የሂሲ ነገር አላስደነገጠኝም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው።

«የእኛ ውስጥ ማነው ያለው?»

«የማን ጭንብል ነው? ባለቤቱ ነዋ የሚገባበት! የእኛ ውስጥ አባቴ፣ የእናንተ ውስጥ አባትሽ።»

ሸርጣኑን ጥዬ ተነሣሁ። ሁሉም ነገር ቁልጭ አለልኝ። አባቴ መጥቷል። በዚያ በሞቱዎች ጀልባ ነው የመጣው፤ ለጭንብሉ ሲል በቀጥታ ወንዶቹ ቤት ገብቷል። ጭንብል የሚለብሱ ወንዶች ደግሞ እስኪያልቅ ቤታቸው አይመጡም፣ ከሚስትም ከልጅም ይርቃሉ። እናቴ የምትሸሸኝ ምስጢሩ ከዓይኗ እንዳይታይባት ነው። ሴቶቹ ዝም የሚሉትም ለዚሁ ነው። ሳቄ መጣ። ይኼን ሁሉ ለእኔ ሲሉ!

ጭንብሎቹ የወረዱ ዕለት ከእንቅልፌ የነቃሁት በከበሮ ነው። ገና ጎህ አልቀደደም። ዋዜማውን እንግዳ መንደሮች አስቂኝ ጭንብላቸውን ለብሰው፣ ጭንቅላታቸው ላይ ጉጉትና ዓሣ ተሸክመው፣ አንዱ ትልቅ የወባ ትንኝ ሆኖ አሮጊቶችን መቀመጫቸው ላይ ሊነድፍ እያባረረ፣ መንደሩን በሳቅ ሲያፈርሱት አምሽተው ነበር። አሁን ግን የሚስቅ የለም። ሴቶቹ ትከሻቸውን የኮኮናት ዘይት ተቀብተው፣ አዲስ የቅጠል ጉርድ ለብሰው፣ ከወንዶቹ ቤት ፊት ቆመዋል። እናቴም አለች። ሰማዩ ገርጠት ሲል የትልቁ በር መሸፈኛ ወረደ፤ የመጀመሪያው ጭንብል ጎንበስ ብሎ ወጣ፣ ቀጥ አለ። የሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ነጭ የልጥ ጨርቅ፣ ጥቁርና ቀይ ክብ ዓይኖች፣ ጥርሳም አገጭ፤ ከሥር ያለውን ሰው የዘንባባ ቅጠል እስከ ጉልበቱ ይሸፍነዋል። ለዚህች ጠዋት ሃያ ዓመት የጠበቁት አባባ ኦፑ አፋቸውን ከፍተው እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ።

የእኛ ሃያ ሦስተኛው ነበር። የፊቱን ምልክት አላየሁም፤ እግሩን ነው ያየሁት። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ብለው አሸዋው ላይ አረፉ።

እናቴ ወጣችና ከጭንብሉ ፊት ቆመች። እጆቿን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ወደ ኋላ እየሄደች ትጨፍርለት ጀመር። ጭንብሉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። እንዲህ እያደረገች እስከ ባሕሩ ወሰደችው። እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል፣ ዘይቱ ላይ ያበራል። እናቴ እንዲህ ስትጨፍር አይቼ አላውቅም፤ ደስታ ነው አልኩ።

የማሶ እግር መሆኑን ያልለየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሴቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። በእኛ ዘንድ ሴት፣ ጭንብል ውስጥ ማን እንዳለ ታውቃለች፣ አታውቅም ትባላለች፣ እሷም አላውቅም ትላለች፤ በዚህ ተከባብረን እንኖራለን። ሂሲ ከምስጢሩ የነገረችኝ ግማሹን ነው። ባለቤቱ ከሌለ ወንድሙ እንደሚገባበት አታውቅም ነበር፤ እኔም ወንድሙን ለማሰብ ምክንያት አልነበረኝም።

የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የልጅነቴ ጥሩዎቹ ቀናት ናቸው። እንዲህ ማለቴ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው። ጠዋት ጠዋት ጭንብሎቹ በባሕሩ ዳር ሲጨፍሩ ከእኛው ጋር ጎን ለጎን እሮጣለሁ። ከሰዓት ሴቶች ለወንዶቹ ቤት ምግብ ሲወስዱ፣ እኔም ሳጎ ከተፋቀ ኮኮናት ጋር በቅጠል ጠቅልዬ እጠብስና ለብቻዬ እወስዳለሁ፤ አባቴ የሚወደው እሱን ነው። በጎን በር የሚቀበለኝ አጎቴ ማሶ ነው።

«ይኼ ደግሞ ለማን ነው?» አለኝ የመጀመሪያው ቀን።

«አንተ ታውቃለህ።»

ጥቅሉን ይዞ ብዙ አየኝ። «እሺ። አደርስልሻለሁ» አለ። በየቀኑ አደረስኩ። በየቀኑም «በላው?» እለዋለሁ፤ «ሙጥጥ አድርጎ» ይለኛል። ማሶ ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን እንደነገረኝ፣ ሊበላው ሞክሮ አልወርድ ሲለው፣ ሁሉንም ጥቅል ከቤቱ ጀርባ አሸዋ ውስጥ ቀብሮታል።

ከዚያ ሂሲ ሌላ ወሬ ይዛ መጣች። ከአያቷ ሰምታ ነው።

«ሊገድሏቸው ነው አሉ።»

«ማንን?»

«ጭንብሎቹን። በመጨረሻው ቀን በቀስት ይወጓቸዋል። ከዚያ ይቃጠላሉ።»

«ውስጥ ያሉትስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አይቼ አላውቅ!» አለች ሂሲ። እውነቷን ነው። የፊተኞቹ ጭንብሎች ሲቃጠሉ ከእኛ መሐል የተወለደ አልነበረም። ለልጆች የሚነገረው እንደሚሞቱ ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሚሞቱ ለሴት ልጅ አይነገርም። ሂሲ የዚያን ዕለት ማታ ለአባቷ ፈርታ ስታለቅስ አድራ፣ እናቷ ጠዋት ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሹክ ስትላት ማልቀሷን ተወች። የተባለችውን ግን ለእኔ አልነገረችኝም፤ አንዴ ስላወራሽ ይበቃሻል ተብላ ተመክራለች።

እኔ እናቴን ጠየቅሁ። ምስጢሩን ሳላወጣ፣ ዙሪያውን ዞሬ።

«እማዬ፣ ጭንብሎቹ ሲቃጠሉ ምን ይሆናሉ?»

«ይሄዳሉ።»

«ተመልሰው ይመጣሉ?»

የምትፈትለውን የልጥ ክር አስቀመጠች። «አይመጡም፣ ልጄ። እሱ አይመጣም» አለችና ተነሥታ ወጣች።

እሱ አለች፤ እነሱ አላለችም። ታውቃለች ማለት ነው። አባቴ ሊሞት ነው፣ እናቴም ታውቃለች፣ ዝም ብላ ትጨፍርለታለች። እሱ ራሱ አያውቅ ይሆናል አልኩ። ሁለት ዓመት ሩቅ አገር የከረመ ሰው ማን ይነግረዋል? ልነግረው የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ሌሊት ሙሉ ጥርሴን እያሰብኩ ሳልተኛ አደርኩ። በማግስቱ ይርገፍ አልኩ።

ፀሐይ ባሕሩ ላይ ከፍ ብላለች። መንደሩ ሁሉ፣ እንግዳው ሁሉ አለ። ጭንብሎቹ ሲመለሱ የእኛው በፊቴ ሲያልፍ ከሰው መሐል ሮጬ ወጣሁና ከዘንባባው ቅጠል ሥር ያለውን እግር ያዝኩት።

«አባዬ! ቶሬ! አባዬ ውጣ፣ ሊገድሉህ ነው!»

ከበሮው አልተቋረጠም፣ ሰዉ ግን ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያስገድላል። በአያቴ ዘመን ጭንብልን በሰው ስም የጠራች ሴት ከዚያ በኋላ አልታየችም ይባላል። ጭንብሉ ቆመ። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያ ሁሉ ቁመት ከጫፉ ላባ እስከ ሥሩ ቅጠል ይርገፈገፋል። እግሩን በቀስታ ከእጄ አላቀቀ። አባቴ ተቆጣ አልኩ፤ እኔን ማወቅ አልፈለገም። እንደዚያ ያለ ብርድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተሰምቶኝ አያውቅም።

ማሶ ውስጥ ሆኖ በሁለት እጁ መሸከሚያውን ስለያዘ እንባውን እንኳ መጥረግ አልቻለም።

እናቴ ደረሰች። ክንዴን ይዛ ብድግ አደረገችኝና በመንደሩ ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብላ፣ ሳቀች።

«ጉድ እኮ ነው! ለአባቷ ናፍቆት ጭንብል ታቅፋለች! አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ሞርስቢ ነው ያለው፤ ደህና ነው፤ በሚመጣው መርከብ ይመጣል! እናንተስ ምን ታፈጥጣላችሁ፣ ልጅ ስትናፍቅ አታውቁም?»

የሚያውቁት ሴቶች መሬት መሬት አዩ። አንዷ፣ የሂሲ እናት ናት፣ እንደ ምንም ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጭንብሉ እንደገና መራመድ ጀመረ። እናቴም እኔን ለሂሲ እናት ወርውራ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ፊት ለፊቱ ወደ ኋላ እየሄደች ጨፈረች። ባሏ በሕይወት እንዳለ በገዛ አፏ የመሰከረችው ያን ቀን ነው። እኔ አሳፈርኳት ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ማታ አባባ ኦፑ መጥተው ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራው ቤታችን መሰላል ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም።

«ካይሩ» አሏት እናቴን፣ «ስምንት ቀን ቀረን።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ልጅቷ ከቤት አትውጣ።»

«አትወጣም።»

«ዛሬ ያልሽውን...»

«ያልኩትን ብያለሁ። ሌላ ግን አትለምኑኝ። ከዚህ በላይ የለኝም።»

ሽማግሌው ተነሥተው ሄዱ። እኔ በእኔ የተጣሉ መሰለኝ።

ስምንት ቀን ቤታችን ወለል ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ በሳንቃው ስንጥቅ ከሥር የሚያልፈውን እግር ስቆጥር ዋልኩ። ሂሲ አልመጣችም። እናቴ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። በስምንተኛው ቀን ከበሮው ቆመ። ጸጥታው ጆሮ ይወጋል። ከዚያ የሚቃጠል ልጥ ጠረን በሳንቃው ሥር ገባ። ጭሱ ገና ሳይሳሳ ከባሕሩ በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው ጉሮሮ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ሌሎች ሴቶች ተቀበሏት፤ መንደሩ በዋይታ ተሞላ። እናቴ ስትገባ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ሰውነቷን ጭቃ ተለቅልቃ ነበር። ከፊቴ ተንበረከከች።

«ልጄ፣ አባትሽ ሞተ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ከማን እንደሰማሁ አልጠየቀችኝም። የሂሲ እናት ነግራኝ መስሏት አለፈችው።

በማግስቱ ወንዶቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ተመለሱ። የሂሲ አባት መጣ። ማሶ መጣ። የሃያ ሁለተኛው፣ የሃያ አራተኛው ጭንብል ባለቤቶች መጡ፤ ከሲታ ሆነው ግን ደህና። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልተመለሰው አንድ የእኔ አባት ነው። ስምንት ዓመት ለሞላው ልጅ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከዚያ ሁሉ ጭንብል በሰው ስም የተጠራው አንድ እሱ ነው። የጠራሁትም እኔ ነኝ።

ስለዚህ አላለቀስኩም። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። «ልጅቷ ደንዝዛለች» ይላሉ። የገደልኩትን ሰው ማልቀስ የሚገባኝ አልመሰለኝም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማን ልናገር? ለእናቴ ባሏን ገደልኩብሽ ይባላል? አድጌ፣ ጭንብል ውስጥ ያለ ሰው እንደማይሞት ካወቅሁ በኋላ እንኳ ይህ አልለቀቀኝም። እንዲያውም ባሰ። ማንም የማይሞትበት ቦታ አባቴ ከሞተ፣ ሌላ ምን ምክንያት ይኖራል? በመንደሩ አባቴ ሞርስቢ መሞቱን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሁሉም ግን የማውቅ ስለሚመስላቸው የሚነግረኝ አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። አገባሁ። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ለእሱም አልነገርኩትም።

የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ረግረጉ ውስጥ ሳጎ እናጥብ ነበር። እሷ ውኃውን ታፈሳለች፣ እኔ አሻለሁ። ሆዴ ገፍቶ ነበር፣ ፍርሃት ያዘኝ። የምወልደውን ልጅም በአንድ ነገር እገድለዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«እማዬ፣ አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«በስሙ ስለጠራሁት ነው የሞተው። ሁሉም ወጡ፣ እሱ ብቻ ቀረ።»

እናቴ መቅጃውን ጣለችው። ብዙ ጊዜ ፈጀባት የምለውን እስክትረዳ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፤ በሞቱዎች ጀልባ የመጣውን ሰው፣ የአባባ ኦፑን ልመና፣ የማሶን እግር።

«አሥራ ሁለት ዓመት ይኼን ተሸክመሽ?» አለች። «አንቺ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት?»

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም? አባባ ኦፑ ከለከሉሽ?»

«እሳቸውን ማን ሰማቸው? ልነግርሽ ቆርጬ ነበር። ጭንብሎቹ የወረዱ ቀን ማታ፣ ከዚህ በላይ አልችልም ብዬ ቤት ስገባ፣ እሳቱ ዳር ተቀምጠሽ ሳጎ ስትጠቀልዪ አገኘሁሽ። ለብቻሽ ትስቂያለሽ። ለማን ነው ብልሽ አልነግርም አልሽ። ገባኝ ያኔ።» ውኃውን አየች። «እኔ ዘንድ ሞቶ ነበር። ማሶም ዘንድ፣ መንደሩም ዘንድ። ገና ያልሞተው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው። ከአንቺም ዘንድ ላወጣው አንጀቴ እንቢ አለኝ።»

ነጩ የሳጎ ውኃ በቅርፊቱ አሸንዳ እየፈሰሰ፣ እየሞላ፣ ጭቃው ላይ ይደፋ ጀመር። ማናችንም አላቆምነውም። አባቴን ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።